ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ፣ ሙሉ ኤሌክትሪክ ወይስ ቤንዚን? ከአዲስ አበባ ዳር ሆነን ያለ ቀረጥ ቅናሽ ስናሰላው

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ እየተነሳ መሃል ከተማ ለሚሠራ ሰው መኪና ቅንጦት አይደለም። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ አለ። ማታ ትራንስፖርት ጭራሽ ይጠፋል። ልጆችም ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው። ሰው ቤቱ ከከተማ በራቀ ቁጥር መኪና ያስፈልገዋል፤ የነዳጅ ወጪውም በዚያው ልክ ይከብደዋል።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው ስለ ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ የሚጠይቀው። ቤት ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል፣ ቤንዚንም ይቀዳለታል። ለሥራ መመላለሻ በኤሌክትሪክ፣ ለሩቅ አገር በቤንዚን። ሲሰሙት ሁለቱንም ችግር በአንድ መኪና የሚገላግል ይመስላል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የመንግሥት ማበረታቻ ከሂሳቡ ከወጣ፣ ይህ መኪና የሚያዋጣው ለጥቂት ሰው ነው። በገዛ ግቢው ሶኬት ላለውና ከከተማ ርቆ ቶሎ ቶሎ ለሚወጣ ሰው ያዋጣል። ሶኬት የሌለው ባይገዛው ይሻለዋል። ሶኬት ኖሮት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም የማይርቅ ሰው ደግሞ ሙሉ ኤሌክትሪክ ቢገዛ ያተርፋል። ምክንያቴን ላስረዳ።

ማበረታቻውን ለምን ከሂሳብ አወጣሁት?

በ2014 ዓ.ም ገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ሱር ታክስንና ኤክሳይዝ ታክስን አነሳ። የቀረው የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ነበር። ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ዛሬ መንገዱን የሞሉት የቻይናዎቹ ቢዋይዲዎችና የፎልክስዋገን አይዲ 4ቶች የዚህ ውሳኔ ውጤት ናቸው።

ቤንዚን ሞተር የያዘ ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ በዚህ ጥላ ሥር እገባለሁ ብሎ መተማመን አይችልም። ስለዚህ እዚህ የምናወራው በአብዛኛው አገር ውስጥ ስላለ፣ ታርጋ ስላወጣ መኪና ነው። ደላላው «በቅርቡ ይገባል» እያለ ቀብድ ከጠየቃችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። መጀመሪያ ሊብሬውንና ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ማስረጃውን) በዓይናችሁ እዩ።

ሌላው ምክንያቴ ይህ ነው። ማበረታቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። መኪናው ግን አብሯችሁ ዓመታት ይቆያል። በሌላው ዓለም የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። እንግሊዝ ለፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ትሰጥ የነበረውን የግዢ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 አቆመች። ጀርመን በ2022 መጨረሻ አቆመች። አሜሪካ እስከ 7,500 ዶላር ይደርስ የነበረውን የታክስ ቅናሽ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ላይ ዘጋችው። ቻይናም የግዢ ድጎማዋን በ2022 መጨረሻ አቁማለች፤ እዚያ ግን የፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ሽያጭ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ጨመረ። የመኪኖቹ ዋጋ ከቤንዚን መኪና ዋጋ ጋር ስለተቀራረበ፣ የግዢ ታክስ ነፃነቱም ያኔ ገና ስላልተነሳ ነው። ድጎማ ሲቀር ወሳኙ ነገር የዋጋ ልዩነቱ ይሆናል ማለት ነው። እኛም ከዚያው እንነሳ።

ዓይነቶቹን ባጭሩ

ተራው ሃይብሪድ፣ ለምሳሌ አብዛኛው የቶዮታ ሃይብሪድ፣ አይሰካም። ትንሿን ባትሪ ራሱ ይሞላል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ በቃ። ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ከዚያ የሚበልጥ ባትሪ አለው፤ ይሰካል፤ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ያለ ቤንዚን ይነዳል፤ ሲያልቅ እንደ ተራ ሃይብሪድ ይቀጥላል። ሙሉ ኤሌክትሪክ የቤንዚን ሞተርም ነዳጅ ታንከርም የለውም። የቤንዚን መኪኖቹን፣ ቪትዙን፣ ያሪሱንና ኮሮላውን፣ ታውቋቸዋላችሁ።

ፕላግ-ኢን ሃይብሪዶች ግን እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ። ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ዲኤም-አይን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ አንዱ ዓይነት 8.3 ኪሎዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን መለኪያ ነው) ባትሪ ነበረው፤ ወረቀቱ ላይ 51 ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ ይሄዳል ይላል። ሌላው 18.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ወረቀቱ 110 ኪሎ ሜትር ይላል። ከውጭ ስታዩዋቸው ወንድማማች ናቸው። ግን ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው። በእኛ ዳገትና በእኛ የትራፊክ መጨናነቅ 51 የተባለው ወደ 40 ሊወርድ ይችላል። ያ ማለት ከኮዬ ፈጬ ፒያሳ ደርሶ ለመመለስ አይበቃም። ትልቁ ባትሪ ግን ደርሶ መልሱን ሸፍኖ ይተርፈዋል። ስለዚህ «ፕላግ-ኢን ነው» መባሉ አይብቃችሁ። ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ።

ሁሉም ነገር ሶኬቱ ላይ ነው

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ስለሆነ ነው።

ቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በየቀኑ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። ከተራ የቤት ሶኬት በ220 ቮልት፣ በ10 አምፔር ሲሞላ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያገኛል። አምስት ሰዓት ይፈጃል። ማታ 3 ሰዓት የሰካ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጨርሳል። መሃል ላይ መብራት ሁለት ሦስት ሰዓት ቢሄድ እንኳ እስከ ንጋት ይሞላለታል። ግቢ ላለው ሰው ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ግን መስመሩን አሠሩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ስለዚህ ምጣድ የሚችል ቤት ቻርጀርም ይችላል ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ምጣድ ለአንድ ሁለት ሰዓት ይሠራል፤ ቻርጀር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። የላላ ሶኬት እየጋለ ይቀልጣል። ከማከፋፈያው ቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ወፈር ያለ ገመድ ያስፈልጋል። አንድ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። በዚያው አጋጣሚ የመሬት መስመሩን (ኧርዙን) ያረጋግጥላችሁ። ከከተማ ዳር አዲስ በተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ የመሬት መስመር የለም። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አሳይቶ እምቢ ሲል ሰው መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል። ጥፋቱ ግን የቤቱ መስመር ነው። ቮልቴጅ በጣም ሲወርድም ቻርጀሩ ራሱን ያጠፋል። ማታ አምፖላችሁ የሚደክም ከሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር ሰዓት ሙሉለት።

ምጣዱና ቻርጀሩ ግን በአንድ ላይ አይሠሩ።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ቆጣሪው የማን ነው? በሰፈራችን ስንቱ ግቢ በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤተሰብ ይኖርበታል። ቻርጀር ሲጨመር ሂሳቡ ያድጋል፤ በአከፋፈሉም ጭቅጭቅ ይነሳል። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ ጎረቤትም ይከፍላል። የራሳችሁ ቆጣሪ ሳይኖር ፕላግ-ኢን መግዛት ከባለቤቱና ከጎረቤት ጋር መጣላትን መግዛት ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰውስ? እውነቱን እንነጋገር። አራተኛ ፎቅ ሆኖ በመስኮት ኤክስቴንሽን ማውረድ መፍትሔ አይደለም። ዝናብ አለ፤ ልጆች ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። ከታች ካለው የቆጣሪ ክፍል የተለየ መስመር በሕጋዊ መንገድ ለማውጣት የሕንፃው ማኅበር መስማማት አለበት። ከተስማማ ጥሩ። የመሥሪያ ቤታችሁ ፓርኪንግ ሶኬት ካለው ደግሞ ያም ይቆጠራል፤ ቀን ስምንት ሰዓት ቆሞ ይሞላል። ሁለቱም ከሌሉ ግን ፕላግ-ኢን ሃይብሪዱ ከባድና ውድ የቤንዚን መኪና ይሆንባችኋል።

«ከቻርጅ ጣቢያ እሞላለሁ» የሚል አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ቦሌ አካባቢ ፈጣን ጣቢያ ከፍቷል፤ ሌሎችም አሉ። ችግሩ ብዙ ፕላግ-ኢን ሃይብሪዶች የፈጣን ቻርጅ መቀበያ የላቸውም። ጣቢያ ሄደውም ለሰዓታት ይቆማሉ። ለ40 ኪሎ ሜትር ብሎ ግማሽ ቀን የሚቆም ሰው አላየሁም።

ወርሃዊ ሂሳቡ

ቁጥሮቹን እናስቀምጥ። በወር 22 የሥራ ቀን፣ በቀን 50 ኪሎ ሜትር፤ በድምሩ 1,100 ኪሎ ሜትር። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም ከ100 ብር ዘልሏል፤ ለሂሳብ እንዲመች ሊትሩን 120 ብር እንበል። ኤሌክትሪኩን ደግሞ ለጥንቃቄ ብዬ ከፍ አድርጌ በ10 ብር አስቤዋለሁ። የራሳችሁን ዋጋ አስገብታችሁ ድገሙት።

በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ የቤንዚን መኪና በወር 88 ሊትር ይፈልጋል፤ 10,560 ብር። 5 ሊትር የሚጠጣ ተራ ሃይብሪድ 55 ሊትር፤ 6,600 ብር። በየማታው የሚሰካ ትልቅ ባትሪ ያለው ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ 220 ኪሎዋት ሰዓት፤ 2,200 ብር። ሙሉ ኤሌክትሪክም እዚያው አካባቢ ነው። አሁን ይህን ልብ በሉ፦ የማይሰካ ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ የባትሪውን ክብደት ተሸክሞ 6 ሊትር ቢጠጣ 7,920 ብር ያስወጣል። ከተራው ሃይብሪድ ይብሳል።

ስለዚህ በየማታው የሰካ ሰው ከቤንዚን መኪና ጋር ሲተያይ በዓመት 100,000 ብር ገደማ ይቆጥባል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን መኪናው ከቤንዚኑ በስንት ይበልጣል? ልዩነቱ 400,000 ብር ከሆነ በአራት ዓመት ይመለሳል። አንድ ሚሊዮን ከሆነ አሥር ዓመት ይፈጃል። ልዩነቱን ከባንክ የተበደረ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። 500,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ የመጀመሪያው ዓመት ወለዱ ብቻ 90,000 ብር ነው። የቆጠበውን ቤንዚን ባንክ ወሰደው ማለት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስም በመኪናው ዋጋ ልክ ስለሚሰላ ውድ መኪና በየዓመቱ ተጨማሪ ያስከፍላል።

ከተራው ሃይብሪድ ጋር ስታነጻጽሩት ቁጠባው በዓመት 53,000 ብር ያህል ብቻ ነው። ጥሩ የተያዘ ተራ ሃይብሪድ በደህና ዋጋ ያገኘ፣ ሶኬት የሌለው ሰው በእኔ እምነት ትክክለኛውን መኪና አግኝቷል። ሰው ስለማያወራለት ብቻ አትለፉት።

የአውሮፓ ኮሚሽን መጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሪፖርት ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ማስረጃ ነው። መኪኖቹ ራሳቸው የመዘገቡት ፍጆታ ሲታይ፣ ፕላግ-ኢን ሃይብሪዶች መንገድ ላይ የሚለቁት ጭስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተለካው በአማካይ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ምክንያት ሰው እንደታሰበው ያህል አለመሰካቱ ነው። ለታክስ ቅናሹ ሲል የገዛ፣ ቤንዚኑንም መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ሰው ገመዱን ከሻንጣው ለማውጣት ምን ያስገድደዋል? እኛ ዘንድ ቤንዚኑን የሚከፍለው ራሱ ባለቤቱ ነው። ያ ጥሩ ነው። ግን ሶኬት ከሌለ የባለቤቱ ፍላጎት ብቻውን ምንም አያደርግም።

ዳገቱና የፍጥነት መንገዱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 1.5 ሊትር ሞተር እዚህ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንዱን ጥሎ ነው የሚነዳው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ምንም አይቀንስበትም። ከሱሉልታ ለሚመላለስ ሰው ይህ በየቀኑ የሚታይ ልዩነት ነው።

እንጦጦን ስትወርዱ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ባትሪውን ይሞላል፤ የፍሬን ሸራም ዕድሜው ይረዝማል። ማታ ስትመለሱ ግን ባትሪው ባዶ ከሆነ ትንሹ ሞተር ብቻውን መኪናውንም ባትሪውንም ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ይጮኻል፣ ይጠጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። አብዛኛው ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ባትሪውን ለኋላ የሚያስቀምጥ ማዘዣ አለው። ከተማ ውስጥ በከፊል በቤንዚን ነድታችሁ ለዳገቱ የሚሆን አስተርፉ።

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ፍጥነት ኤሌክትሪክ ቶሎ ያልቃል። ከገላን ወይም ከዱከም የሚነሳ ሰው መንገዱን በቤንዚን ሄዶ ባትሪውን አዳማ ከተማ ውስጥ ቢጠቀምበት ያዋጣዋል። ሲመለስ ደግሞ መንገዱ ሽቅብ ነው።

ኮሮኮንቹን አትርሱ። ከዋናው አስፋልት እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ድንጋይና ጭቃ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሆዱ ሥር ነው ያለው። የፕላግ-ኢኑም እንዲሁ፣ መጠኑ ቢያንስም። ሴዳኖቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ኮብልስቶን ያልደረሰበት ሰፈር የሚኖር ሰው ከፍ ያለውን ይምረጥ።

መብራት ሲጠፋ፣ ቤንዚን ሲጠፋ

የፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ትልቁ ዋጋ ቁጠባው አይመስለኝም። ትልቁ ዋጋው አንዱ ሲጠፋ ሌላው መኖሩ ነው። ማደያ በር ላይ ተሰልፈው የሚያድሩ መኪኖችን ሁላችንም አይተናል። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሰፈሩ ለቀናት ጨለማ ሲውጠውም አይተናል። ሁለቱ በአንድ ቀን የሚገጣጠሙት ከስንት አንዴ ነው። ሌሊት ምጥ ሊይዛት የምትችል ነፍሰ ጡር ወይም የታመመ አባት ያለበት ቤት፣ ሆስፒታልም የሚርቀው ሰው፣ ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፍል እኔ አልፈርድበትም። ይህንን የወለድ ስሌት አይመዝነውም።

ነገር ግን ስለ ሙሉ ኤሌክትሪክ ያለው ፍርሃት የተጋነነ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና በቀን 10 እየተጠቀመ አምስት ቀን ሳይሰካ ይሠራል። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ አያሳስበውም። ፕላግ-ኢን ሃይብሪዱ ግን በመጀመሪያው ማታ ካልተሰካ በማግስቱ ወደ ቤንዚን ይሄዳል። መብራት ብዙ ጊዜ ለሰዓታት እየሄደ የሚመለስበት ሰፈር ከሆነ ሙሉ ኤሌክትሪኩ ይችለዋል። የሚከብደው ሩቅ መንገድ ነው። አዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥንቃቄ ካለ ሙሉ ባትሪ ያደርሳል፤ እዚያ ግን አስተማማኝ መሙያ ያስፈልጋል። ደሴ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር ቤተሰብ ያለው፣ በየበዓሉ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ቻርጅ ማግኘቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ፕላግ-ኢን ሃይብሪዱ ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰውስ? ለዚያ ጊዜ መኪና ይከራይ ወይም በአውቶቡስ ይሂድ። ለሁለት ጉዞ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሞተር ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም።

ያገለገለ ስትገዙ

በዚህ ገበያ የምታገኙት በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ።

የትንሽ ባትሪ ዕድሜ ከትልቅ ባትሪ ይልቅ ቶሎ ይፈተናል። ትንሽ ባትሪ ያለው ፕላግ-ኢን በየቀኑ ከሙሉ እስከ ባዶ ይሄዳል፤ በየሥራ ቀኑ አንድ ዙር ይሞላል፣ ባዶ ይሆናል። ትልቁ የኤሌክትሪክ መኪና ያንኑ መንገድ ነድቶ አንድ ዙር የሚጨርሰው በስድስት ቀን ነው። የቢዋይዲው ዓይነት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ይህን የመሰለ ድግግሞሽ በደንብ ይችላል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ለባትሪ እጅግ ተስማሚ ነው፤ በጣም አይሞቅም፣ አይበርድም። ግን ያገለገለ መኪና ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተያዘ አይታወቅምና በስካነር የባትሪውን ጤና የሚያነብ ጋራዥ ውሰዱት።

ሞተሩንም አትናቁት። ሁልጊዜ በኤሌክትሪክ የተነዳ መኪና ሞተሩ አዲስ ነው ተብሎ ይሸጣል። ግን ሳይነሳ የከረመ ሞተር ዘይቱ ያረጃል፣ ታንከር ውስጥ የቆየው ቤንዚንም ይበላሻል። ኪሎ ሜትሩ ባይደርስም ዘይቱ በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር አለበት። የሰርቪስ ማስረጃ ጠይቁ። ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ማለት ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ራዲያተርና ማርሚታ ያለው፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ቻርጀርም ያለው መኪና ነው። ሁለቱንም ትጠግናላችሁ። ሙሉ ኤሌክትሪክ እዚህ ላይ በግልጽ ይበልጣል። ብርቱካናማ ገመዶቹን በድፍረት የሚነካካ መካኒክ ካያችሁ ደግሞ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ እነዚያ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ገመዶች ሰው ይገድላሉ።

ቻርጅ መቀበያውን እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና የቻይናውን ዓይነት መሰኪያ ይጠቀማል፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሌላ ነው። እዚህ ያሉ ጣቢያዎች ብዙዎቹ የቻይናውን ይቀበላሉ። ከመኪናው ጋር ገመዱ መኖሩን አረጋግጡ፤ ለብቻው ሲገዛ ውድ ነው። የመኪናው ስክሪን በቻይንኛ ብቻ ከሆነም ባትሪ ማስቀመጫውንና የቻርጅ ሰዓት መሙያውን ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

በመጨረሻም ሙከራው። መኪናውን ባትሪው ባዶ ሆኖ ዳገት ላይ ንዱት፤ ጎተራን ዙሮ መመለስ ሙከራ አይደለም። ሞተሩ እንዴት እንደሚጮኽ፣ እንዴት እንደሚጎትት ስሙ። ከዚያ ባዶ ባትሪውን ማታ ስኩት፤ ጠዋት ስንት በመቶ እንደደረሰ እዩ፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ከቤታችሁ እስከ ሥራችሁ ንዱትና ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ቤንዚን እንደሚነሳ መዝግቡ። የዚያ ቀን ቁጥር ሻጩ ከሚነግራችሁም፣ ወረቀቱ ከሚለውም ይበልጣል። ሻጩ መኪናው አንድ ሌሊት እንዲሰካ እሺ ካላለ ሌላ መኪና ፈልጉ።